የጡረተኛው አድሚራል ጉዳይ

በ1944 የጸደይ ወራት በደቡባዊ እንግሊዝ ወደቦች ውስጥ ሰባት ሺሕ የሚጠጉ መርከቦችና ጀልባዎች ይሰበሰቡ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓላማው ባሕሩን ተሻግሮ በናዚ ጀርመን ሥር የወደቀችውን ፈረንሳይን ነጻ ማውጣት ነበር። ይህን ሁሉ መርከብ የማዘዝ ኃላፊነት የተጣለባቸው ሰው ሰር በርትራም ራምሴይ ይባላሉ። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኒህ ሰው እስከ ኤፕሪል 1944 ማብቂያ ድረስ፣ ማለትም ታላቁ ዘመቻ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ያህል እስኪቀረው ድረስ፣ በብሪታንያ ባሕር ኃይል መዝገብ ላይ ስማቸው የሚገኘው በጡረተኞች ዝርዝር ውስጥ ነበር።

ጡረተኛ! ለዚህ ያበቃቸው እርጅና እንዳይመስለን፤ በጡረታ ሲሰናበቱ ገና የ55 ዓመት ሰው ነበሩ። ሕመምም ወንጀልም አልተገኘባቸውም። ነገሩ የተጀመረው ከአለቃቸው ጋር በአሠራር ተለያይተው፣ በዚህ አኳኋን መሥራት ስለማልችል አሰናብቱኝ ባሉ ጊዜ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ጀግንነት አይደለም። ስለ ጀግንነት የሚጽፍ ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንድ ተቋም፣ አንድ መንግሥት፣ አንድ አገር፣ በቅን ልቡና «እምቢ» ያለውን ሰው ምን ያደርገዋል? የራምሴይ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከብዙ የፖለቲካ ሳይንስ መጻሕፍት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

በርትራም ራምሴይ በ1883 ተወለዱ። አባታቸው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበሩ። በ1898፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው፣ ባሕር ኃይሉ እጩ መኮንኖችን ወደሚያሠለጥንባት «ብሪታኒያ» ወደተባለችው መርከብ ገቡ። በ1903 እና በ1904 በእኛው አካባቢ፣ በሶማሊላንድ ጠረፍ፣ እንግሊዞች በደርቪሾች ላይ ባካሄዱት ዘመቻ ተካፍለዋል። ከዚያም ባሕር ኃይሉ በአዲስ መልክ የጀመረውን የጦር ስታፍ ትምህርት በ1913 ከተከታተሉት ቀደምት መኮንኖች አንዱ ሆኑ። ይህ ትምህርት በኋላ ለመጣው ጠብ ሥር ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባል።

በዚያ ዘመን የብሪታንያ ባሕር ኃይል ሥልጣን ሁሉ በአንድ አዛዥ እጅ የሚጠቃለልበት ቤት ነበር። መቶ ዓመት ያህል በባሕር ላይ ተወዳዳሪ አጥቶ ስለኖረ፣ አዛዡ ሁሉን እንደሚያውቅና የበታች መኮንን ድርሻም መታዘዝ ብቻ እንደሆነ የሚታመንበት ነበር። የጦር ስታፍ አስተሳሰብ ግን ሌላ ነው። ስታፉ ለአዛዡ ያስባል፤ አማራጭ ያቀርባል፤ የአዛዡን ሐሳብ ይፈትናል፤ አዛዡ ይወስናል፤ የተወሰነውን ደግሞ በየደረጃው ያለው መኮንን በራሱ ኃላፊነት ይፈጽማል። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚሉት ነው። ራምሴይ ይህን ትምህርት በልባቸው ጽፈው ያዙት።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኤም 25 የተባለችውን መድፈኛ መርከብ እያዘዙ በቤልጅየም ጠረፍ ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። በ1917 «ብሮክ» የተባለችው ዲስትሮየር አዛዥ ሆኑ፤ በሜይ 1918 በኦስተንድ ወደብ ላይ በተካሄደው ወረራም ተሳተፉ። እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ጠባብ ባሕር፣ ማዕበሉን፣ አሸዋማ ደለሉን፣ ፈንጂውን፣ ያን ጊዜ ነው አብጠርጥረው ያወቁት። ይህ ዕውቀት ከሃያ ዓመት በኋላ የሦስት መቶ ሺሕ ሰው ነፍስ እንደሚያድን ማን ገመተ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ1935 ራምሴይ የሪር አድሚራልነት ማዕርግ አገኙ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የእናት አገሩ የጦር መርከቦች ጓድ የኤታ ማዦር ሹም ሆነው ተሾሙ። የጓዱ ዋና አዛዥ ሰር ሮጀር ባክሃውስ ይባላሉ፤ የራምሴይ የቆየ ወዳጅ ነበሩ። ባክሃውስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሰነፍም አልነበሩም። ችግሩ እንዲያውም ትጋታቸው ነበር። ትልቁንም ትንሹንም ጉዳይ ራሳቸው ካልጨረሱት ዕረፍት አያገኙም። የኤታ ማዦር ሹሙ ሥራ በእርሳቸው ቤት የወረቀት ማመላለስ ያህል ሆነ። እንዲህ ያለውን አለቃ የማያውቅ አንባቢ አለ ብዬ አልገምትም! ከቁልፍ እስከ ማኅተም በኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ፈቃድ ሲጠይቅ መሥሪያ ቤቱ የሚቆም፣ ይህንንም የትጋት ምስክር አድርጎ የሚቆጥር አለቃ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።

ጊዜው ደግሞ ቀላል ጊዜ አልነበረም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ወቅት በሌላ ስሙ ያውቀዋል። ሙሶሊኒ ጦሩን በቀይ ባሕር በኩል ወደ ኤርትራ የሚያጓጉዝበት፣ በኦክቶበር 1935 መጀመሪያም መረብን የተሻገረበት ወቅት ነበር። ከእናት አገሩ ጓድ «ሁድ» እና «ሪናውን» የተባሉት ታላላቅ የጦር መርከቦች በሴፕቴምበር ወደ ጂብራልታር ተልከው ነበር። ሆኖም ለንደን መርከቦቹን አሳየች እንጂ አልተጠቀመችባቸውም፤ የስዊዝ ቦይ ለኢጣልያ ወታደርና ጥይት ክፍት እንደሆነ ቀረ። ይህ የፖለቲከኞች ውሳኔ ነበር፤ በባክሃውስም በራምሴይም የሚሳበብ አይደለም። ያነሣሁት ወቅቱ ምን ያህል የጭንቅ ወቅት እንደነበረ ለማስታወስ ነው። በዚህ በጭንቁ ጊዜ፣ የአንድ ታላቅ ጓድ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የማሰብ ሥራ የማን ነው በሚል ይጣሉ ነበር።

ራምሴይ አራት ወር ያህል ታገሡ፤ ከዚያም በዲሴምበር 1935 አሰናብቱኝ ብለው ጠየቁ። ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ነው፤ ዝም ብሎ መፈረም፣ ቀን መቁጠር፣ ማዕርግ መጠበቅ። ይህን ቢመርጡ ኖሮ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሁለተኛውን መረጡ፤ የሥልጣን መሰላላቸውም በዚያው ተሰበረ። በ1938 በጡረታ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ባክሃውስ ግን በዚያው ዓመት የመላው ባሕር ኃይል የበላይ ሆነው ተሾሙ። በ1938 አንድ ታዛቢ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ ለመናገር የሚቸገር አይመስለኝም። ታዛዥነት አሸነፈ፤ እምቢታ ቤቱ ገባ ይል ነበር።

የተቋሙ ባሕርይ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። የራምሴይ ስም ከጡረታ መዝገብ አልተፋቀም። ማዕርጋቸው አልተገፈፈም። ጡረታቸው አልተቋረጠም። በአገር ክህደት የጠረጠራቸው፣ «የማን ተላላኪ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በ1938 የሙኒክ ቀውስ አውሮፓን ወደ ጦርነት አፋፍ ባደረሳት ጊዜ ባሕር ኃይሉ ራምሴይን ወደ ዶቨር ልኮ የወደቡን ይዞታ አስጠና። በኦገስት 1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩት፣ በምክትል አድሚራልነት የዶቨር አዛዥ አደረጋቸው። ያን ጠባብ ባሕር ከማንም በላይ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩና!

ቀጥሎ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በሜይ 1940 የጀርመን ታንኮች ፈረንሳይን ሰንጥቀው ሲገቡ የብሪታንያ ጦርና ከፊሉ የፈረንሳይ ጦር በዳንከርክ ወደብ ዙሪያ ተከበበ። ራምሴይ ከዶቨር ግንብ ሥር በናፖሊዮን ዘመን በተቆፈሩት ዋሻዎች ውስጥ ተቀምጠው «ዳይናሞ» የተባለውን የማሸሽ ዘመቻ መሩ። ሲጀመር በሁለት ቀን ውስጥ 45 ሺሕ ያህል ሰው ቢተርፍ ነው ተብሎ ነበር። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ድረስ 338,226 ወታደሮች ባሕሩን ተሻገሩ፤ ከነዚህ ውስጥ ከ120 ሺሕ በላይ የሚሆኑት ፈረንሳውያን ነበሩ።

የዚህን ዘመቻ ምሥጢር ብዙ ሰው በትንንሾቹ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ያስበዋል። ጀልባዎቹ ክብር ይገባቸዋል፤ ከባሕር ዳሩ ወደ ትልልቆቹ መርከቦች ብዙ ሺሕ ሰው አመላልሰዋል። ነገር ግን ከተሻገሩት ወታደሮች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የወጡት በወደቡ በኩል ነው፤ አብዛኞቹም ባሕሩን ለመከላከል ከተሠራ አንድ ረጅም ጠባብ ግድብ ላይ በቀጥታ መርከብ እየተሳፈሩ ነበር። ይህ ግድብ መርከብ እንዲጠጋበት የታሰበ አልነበረም። ይጠጋበት ብለው የወሰኑት ራምሴይ ወደ ዳንከርክ የላኳቸው ካፒቴን ዊልያም ቴናንት ናቸው፤ ቦታው ላይ ቆመው፣ ባሕር ዳሩ እንደማያዋጣ አይተው፣ በዚያው ሌሊት ሞከሩት፤ ሠራ። ራምሴይ በዶቨር ሆነው መርከብ ይልካሉ፤ ቴናንት በዳንከርክ ሆነው ያስተናግዳሉ። እስቲ አንድ ጊዜ እናስብ፤ የሁለቱ አለቃ ሁሉን ነገር እኔ ካልፈቀድሁ የሚል ሰው ቢሆን ኖሮ የዚያ ሌሊት ውሳኔ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? የአንዱ ሰዓት ዋጋስ በስንት ሺሕ ነፍስ ይተመን ነበር? ራምሴይ በ1935 የተጣሉለት ሐሳብ በ1940 በሰው ነፍስ ተፈተነ፤ ፈተናውንም አለፈ።

ይህን ስል ሽንፈቱን ድል ለማስመሰል አይደለም። ጦሩ መድፉንና ተሽከርካሪውን ጥሎ ነው የወጣው። ስድስት የብሪታንያ ዲስትሮየሮች ሰጠሙ፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ ከሁለት መቶ በላይ መርከቦችና ጀልባዎች ጠፉ። የኋላ ደጀን ሆነው ሲከላከሉ የነበሩ አርባ ሺሕ ያህል ወታደሮች፣ በብዛት ፈረንሳውያን፣ ተማረኩ። ቸርችል ራሳቸው በምክር ቤት ቆመው ጦርነት በማፈግፈግ እንደማይሸነፍ ሕዝባቸውን አስጠንቅቀዋል።

ከዚያ በኋላ ራምሴይ የሚያርፉ ሰው አልሆኑም። በኖቬምበር 1942 በሰሜን አፍሪካ ለተካሄደው ወረራ በአድሚራል ከኒንግሃም ሥር ዕቅዱን አወጡ። በጁላይ 1943 በሲሲሊ ወረራ የምሥራቁን የባሕር ግብረ ኃይል አዘዙ። በመጨረሻም የኖርማንዲን ወረራ የባሕር ክፍል፣ «ኔፕቱን» የተባለውን ዘመቻ፣ በጀኔራል አይዘንሃወር ሥር እንዲመሩ ተሾሙ። በጁን 6 ቀን 1944 ከ1,200 በላይ የጦር መርከቦችና ከ4,000 በላይ ወታደር አውራጅ መርከቦችና ጀልባዎች በተጠረገ የፈንጂ መስክ መካከል አልፈው፣ በአንድ ቀን ከ130 ሺሕ በላይ ወታደር በባሕር ዳር አራገፉ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ አንድ ነገር ሊሞግተኝ ይችላል። ራምሴይ ለዚህ ዘመቻ ያወጡት ትእዛዝ ከአንድ ሺሕ ገጽ በላይ ነበር። እያንዳንዱ መርከብ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መሥመር፣ ከማን ኋላ እንደሚጓዝ ይናገራል። አሜሪካዊው አድሚራል አለን ከርክ ይህ ዝርዝር ከልክ ያለፈ ነው ብለው አማርረዋል። «ታዲያ እኒህ ሰው አለቃቸውን የነቀፉበትን ጥፋት ራሳቸው ፈጸሙት ማለት አይደለምን?» ሊባል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በበኩሌ ግን ልዩነት አያለሁ። የባክሃውስ አሠራር የሌላውን ሰው ሐሳብ ያስቀራል። የራምሴይ ትእዛዝ ደግሞ ብዙ አእምሮ ከየክፍሉ ተሰባስቦ፣ ወራት ፈጅቶ ያሰበው የጋራ ሥራ ውጤት ነው። የልዩ ልዩ አገሮች መርከቦች በጨለማ በአንድ ጠባብ ባሕር ሲያልፉ እንዳይጋጩ አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። ወታደሩ ከባሕር ዳር ከወረደ በኋላ ግን ፍርዱ በቦታው ላለው አዛዥ የተተወ ነበር። ደንብ ሁሉ አምባገነንነት አይደለም፤ ልቅነትም ሁሉ ነጻነት አይደለም። ጥያቄው ደንቡን ለማውጣት ስንት ሰው አፉን ከፈተ የሚለው ነው።

የራምሴይ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መጨረሻው ያማረ ተረት ይሆን ነበር። አላበቃም። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1944 የብሪታንያ ጦር የቤልጅየምን ታላቅ ወደብ አንትወርፕን ከነመሣሪያው፣ ሳይፈርስ፣ ያዘ። በዚያ ጊዜ የተባበሩት ኃይሎች ስንቅና ነዳጅ ከኖርማንዲ ድረስ በጭነት መኪና ይጓጓዝ ነበርና ይህ ወደብ እንደ መና የሚቆጠር ነበር። ግን አንትወርፕ ከባሕር ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብላ በሼልት ወንዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የወንዙን አፍ ግራና ቀኝ የያዘው ሳይለቅ መርከብ አይገባባትም። ራምሴይ ገና ከተማይቱ ሳትያዝ፣ በሴፕቴምበር 3፣ ለአይዘንሃወርና ለሞንትጎመሪ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ ጻፉ፤ ጠላት ወንዙን በፈንጂ ሊዘጋው እንደሚችልና መግቢያው በአፋጣኝ መጽዳት እንዳለበት አስጠነቀቁ። ሰሚ አላገኙም። የሞንትጎመሪ ዓይን በአርነም በኩል ወደ ጀርመን በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በኦክቶበር 5 በጠቅላይ ሰፈሩ በተደረገ ስብሰባ ራምሴይ ሞንትጎመሪን በሰው ሁሉ ፊት ነቀፉ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ነውና ተረቱ፣ የመከረው መከራ ሆነ። በአብዛኛው በካናዳ ጦር ትከሻ ላይ የወደቀው የሼልት ውጊያ እስከ ኖቬምበር 8 ዘለቀ። በሙት፣ በቁስለኛና በጠፋ ከ12 ሺሕ በላይ ሰው አስከፈለ። የመጀመሪያዎቹ የጭነት መርከቦች አንትወርፕ የገቡት በኖቬምበር 28 ነው፤ ከተማይቱ ከተያዘች ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ሞንትጎመሪ ከጦርነቱ በኋላ ባሳተሙት ማስታወሻ ስሕተት መፈጸማቸውን አምነዋል። ለሞቱት ግን አልደረሰላቸውም።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሰውን መልሶ መጥራት ግማሽ ጥበብ ነው። ሌላው ግማሽ መስማት ነው። ወንበር የተሰጠውና ጆሮ የተነፈገው ባለሙያ ጌጥ እንጂ አማካሪ አይደለም።

ራምሴይ የጦርነቱን ፍጻሜ አላዩም። በጃንዋሪ 2 ቀን 1945 ከሞንትጎመሪ ጋር ለሚደረግ ስብሰባ ወደ ብራስልስ ሊጓዙ ከፓሪስ አጠገብ ካለው ከቱሱስ ለኖብል ሲነሡ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ አብረዋቸው ከነበሩት ሰዎች ጋር አረፉ። የተቀበሩትም እዚያው በፈረንሳይ፣ በሴን ዠርሜን አን ሌ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር «የእንግሊዞችን ተቋም አታሞግስብን» ይሉኛል። በ1935 ስዊዝን ክፍት ትቶ የከዳንን መንግሥት የማሞግስበት ምክንያት የለኝም። ይኸው ተቋም አንድ ብልህ መኮንን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቤቱ አስቀምጧል፤ ጦርነት ባይነሣ ኖሮ ራምሴይ አትክልታቸውን ሲኮተኩቱ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ የምናደንቀው የእንግሊዞችን ደግነት ሊሆን አይገባም። የምናደንቀው ሰዎቹ ደግ ባይሆኑም እንኳ የሚሠራውን አደረጃጀት ነው። የባሕር ኃይሉ አለቆች ራምሴይን መውደድ አላስፈለጋቸውም። ስማቸው በመዝገብ፣ ማዕርጋቸው በቦታው፣ አድራሻቸው በእጅ ነበር። የጎደለው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ይህን አደረጃጀት በሦስት ነገር አጠቃልላለሁ። አንደኛ፣ «እምቢ» ማለት ከሥልጣን ሊያወርድ ይችላል፤ ከእንጀራ ግን ሊያስወጣ አይገባም። ጡረታውና የልጆቹ ዳቦ በአለቃው ፊት የተንጠለጠለ ሰው እውነት እንዲናገር መጠበቅ ግፍ ነው። እኔ በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ በስብሰባ ላይ አንድ የረባ ጥያቄ ያነሣ ወጣት ባልደረባ በሚቀጥለው ዓመት ከኮሚቴውም ከስኮላርሺፑም ስሙ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አዳራሽ ጥያቄ አይነሣም፤ ጭብጨባ ብቻ ይሰማል። ሁለተኛ፣ በአሠራር መለያየት ክህደት ተብሎ እንዳይመዘገብ ያስፈልጋል። ስሙ አንዴ በክህደት ቀለም የተጻፈ ሰው፣ አገር በጨነቃት ጊዜ ልትጠራው ብትፈልግም አፏ አይደፍርም፤ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይይዛታል። ሦስተኛ፣ የተጠራው ሰው ሲናገር የሚሰማ ጆሮ ይኑር፤ አለዚያ ሼልት ይደገማል።

እኛ ለተዋጋልን ሐውልት እናቆማለን፤ ለሞተልን እናለቅሳለን። በጎ ነው። ነገር ግን በሕይወት እያለ «ይህ አያዋጣም» ያለን ሰው የት አስቀመጥነው? ስሙ በየትኛው መዝገብ ነው? አድራሻውንስ የያዘ አለ? አገሮች የሚወድቁት ብልህ ሰው አጥተው ብቻ አይደለም፤ ብልሆቻቸውን የት እንደጣሏቸው ረስተውም ነው። የብሪታንያ ባሕር ኃይል የእርሱን አልረሳም ነበር። ለዚህም ነው በ1940 የሜይ ማብቂያ፣ ጊዜ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃ በሚቆጠርበት በዚያ ሳምንት፣ ዶቨር ላይ ሰው የተገኘው።

ቸር እንሰንብት።